ኤምአርአይ መድኃኒት ይመርጣል? የአንጎል ምስልንና የደም ጠቋሚዎችን በድባቴ ሕክምና ላይ በአግባቡ ለመጠቀም

በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሠራ ሰው ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ሕመምተኛው ወንበሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል፤ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ በትልቅ ፖስታ የያዘውን ፊልም ጠረጴዛው ላይ እያኖረ፣ «ዶክተር፣ ኤምአርአይውን አስነሥተን መጥተናል፤ እንግዲህ የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማው ይታያል አይደል?» ይላል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ትልልቅ የምርምር ተቋማት ከ25 ዓመት በላይ የደከሙበት ጥያቄ ራሱ ይኸው ነው።

ጥያቄው የሚነሣበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ዋና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው፣ ከ4,000 በላይ ሕመምተኞችን የመዘገበው የአሜሪካው ስታር ዲ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጀመሪያው መድኃኒት በሲታሎፕራም ከምልክቶቻቸው የተላቀቁት ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ለቀሩት መድኃኒቱን መቀየር ወይም ሌላ መደረብ ግድ ሆኗል፤ አንዱን መድኃኒት በበቂ መጠን ሞክሮ ለመፍረድ ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በድባቴ ለሚሠቃይ ሰው ስምንት ሳምንት ቀላል ጊዜ አይደለም፤ ሥራ የሚጠፋበት፣ ትዳር የሚላላበት፣ አንዳንዴም ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ገና ከጅምሩ «ይኸኛው ይሻልሃል» የሚያሰኝ ምርመራ ቢገኝ የሚጠላ ሐኪም የለም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲህ ያለ ውጤት እጃቸው ለሚገባ፣ ወይም ምርመራውን ለማዘዝ ለሚያስቡ ጠቅላላ ሐኪሞች፣ የሳይካትሪ ነርሶችና በስፔሻሊቲ ሥልጠና ላይ ላሉ ሐኪሞች ነው። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ነገሩን መመርመር የሚፈልግ ቤተሰብም ሊያነበው ይችላል።

ከምርመራው በፊት ጥያቄውን ማስተካከል

ማንኛውንም ምርመራ ከማዘዝዎ በፊት ራስዎን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ውጤቱ እንዲህ ቢሆን ምን አደርጋለሁ? የተገላቢጦሹ ቢሆንስ? ሁለቱም መልሶች ወደ አንድ ማዘዣ የሚያመሩ ከሆነ ምርመራው ሕመምተኛውን ገንዘብ ከማስወጣት ያለፈ ፋይዳ የለውም።

ይህን ጥያቄ በትክክል ለመመለስ ሁለት ዓይነት ጠቋሚዎችን መለየት ያስፈልጋል። ለዚህ ጽሑፍ ያህል አንደኛውን የተስፋ ጠቋሚ፣ ሁለተኛውን የምርጫ ጠቋሚ እንበላቸው። የተስፋ ጠቋሚ «ይህ ሰው የመሻል ዕድሉ ከፍ ያለ ነው» ይላል እንጂ በምን እንደሚሻለው አይናገርም። የምርጫ ጠቋሚ ግን «ይህን ሰው ከዚያኛው ሕክምና ይልቅ ይህኛው ይረዳዋል» ይላል። ለሐኪሙ ውሳኔ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው፤ በጋዜጣ ላይ «መድኃኒቱ እንደሚሠራ የሚተነብይ ምርመራ ተገኘ» ተብሎ የሚወራው ግን ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

ልዩነቱን ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው በአንጎል ፊተኛ ክፍል፣ በሁለቱ ንፍቀ አንጎሎች መካከል ያለው የአንቲሪየር ሲንጉሌት ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሔለን ሜይበርግና ባልደረቦቻቸው በጥቂት ሕመምተኞች ላይ በፔት ስካን የአንጎልን የስኳር አጠቃቀም ለክተው፣ ከሕክምናው በፊት በዚህ ሥፍራ የፊተኛ ጫፍ ላይ ከፍ ያለ እንቅስቃሴ የታየባቸው ሰዎች በኋላ በመድኃኒት እንደተሻላቸው፣ ዝቅ ያለባቸው ደግሞ እንዳልተሻላቸው አሳዩ። በ2001 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) ዲዬጎ ፒዛጋሊና ባልደረቦቻቸው ወደዚያው ሥፍራ በሌላ መንገድ ደረሱ፤ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሚመዘግበው በኢኢጂ የተለካው ቴታ ሞገድ፣ ማለትም በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ ገደማ የሚመላለሰው የአንጎል ሞገድ፣ በዚያ አካባቢ ጠንከር ያለባቸው ሕመምተኞች ኖርትሪፕቲሊን በተባለው የድባቴ መድኃኒት የተሻለ ውጤት አገኙ። ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች አንድ ቦታ ላይ ሲገናኙ ተስፋው መብዛቱ አይገርምም።

ከዚያ በኋላ ኢምባርክ የተባለው የአሜሪካ ጥናት መጣ። በአራት ማዕከላት ወደ 300 የሚጠጉ ሕመምተኞች በዕጣ ተከፍለው ገሚሶቹ ሰርትራሊን፣ ገሚሶቹ ፕላሲቦ፣ ማለትም መድኃኒት የሚመስል ባዶ ክኒን ወሰዱ። በ2018 የታተመው ውጤት የቀድሞውን ግኝት አጸና፤ ቴታ ሞገዱ ጠንካራ የሆነባቸው ሰዎች ይበልጥ ተሻላቸው። ነገር ግን ግንኙነቱ ሰርትራሊን በወሰዱት ብቻ ሳይሆን ባዶውን ክኒን በወሰዱትም ላይ ታየ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ተስፋ የተጣለበት ሞገድ የተስፋ ጠቋሚ እንጂ የምርጫ ጠቋሚ ሆኖ አልተገኘም። የፕላሲቦው ቡድን ባይኖር ኖሮ ይህ ፈጽሞ ሊታወቅ አይችልም ነበር። ስለዚህ አንድ ጥናት ሲያነቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት የማነጻጸሪያውን ቡድን ይሁን፤ ማነጻጸሪያ የሌለው ጥናት ምርጫን ሊያስተምር አይችልም።

በምርጫ ጠቋሚነት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2013 የታተመው ጥናት ነው። በፔት ስካን፣ የቀኝ ፊተኛ ኢንሱላ በተባለው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴ ዝቅ ያለባቸው ሕመምተኞች በአስተሳሰብና በባህርይ ላይ በሚያተኩረው የንግግር ሕክምና፣ በሲቢቲ፣ ሲሻላቸው ኢስሲታሎፕራም በተባለው መድኃኒት ግን ብዙም አልተጠቀሙም፤ ከፍ ያለባቸው ደግሞ በተቃራኒው ሆኑ። አንድ ልኬት፣ ሁለት መንገድ፤ የሚፈለገው ቅርጽ ይህ ነው። ቢሆንም የተጠኑት ሰዎች ጥቂት ነበሩ፤ ከዚህ ሌላ ደግሞ ለእኛ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። «ለዚህ ሰው ሲቢቲ ይሻለዋል» የሚል መልስ ዋጋ የሚኖረው ሲቢቲ የሚሰጥ ባለሙያ በአቅራቢያው ካለ ነው። በአካባቢው ያለው አሚትሪፕቲሊንና ፍሎክሰቲን ብቻ ከሆነ፣ በኢንሱላ ላይ የተመሠረተው መልስ ትክክል እንኳ ቢሆን የሚፈጸምበት ቦታ የለም።

መቶኛውን ወደ ሰው መመንዘር

«ምርመራው 70 በመቶ ትክክል ነው» የሚል ቃል ሲሰሙ ወረቀትና እርሳስ ያንሱ። ለስሌት እንዲመች በመጀመሪያው መድኃኒት ከ100 ሕመምተኞች 30ዎቹ ከምልክቶቻቸው ይላቀቃሉ እንበል። ምርመራው ከሚሻላቸው ውስጥ 70 በመቶውን «ይሻላቸዋል» ብሎ ይይዛል፤ ከማይሻላቸውም ውስጥ 70 በመቶውን «አይሻላቸውም» ብሎ በትክክል ይለያል። እንግዲህ ከ30ዎቹ 21ዱን ያዘ ማለት ነው። ከማይሻላቸው 70 ሰዎች ግን 30 በመቶውን፣ ማለትም 21 ሰዎችን፣ በስሕተት «ይሻላቸዋል» ይላል። በጠቅላላው 42 ሰዎች መልካም ዜና ይነገራቸዋል፤ ዜናው እውነት የሚሆነው ግን ለግማሾቹ ብቻ ነው። «አይሻላቸውም» ከተባሉት 58 ሰዎች ውስጥ ደግሞ 9ኙ መድኃኒቱን ቢወስዱ ይሻላቸው ነበር። ሐኪሙ ምርመራውን አምኖ መድኃኒቱን ቢከለክላቸው እነዚያ ዘጠኙ የሚያገኙትን ፈውስ ያጣሉ።

ይህን ስሌት ካደረጉ በኋላ የጥናቱን ሌሎች ነገሮች ይመርምሩ። ቁጥሩ የተገኘው ምርመራው የሚተነብይበት ቀመር ከተሠራባቸው ሰዎች ነው ወይስ ቀመሩ ፈጽሞ አይቷቸው ከማያውቅ፣ በሌላ ከተማ፣ በሌላ ማሽን ከተነሡ ሰዎች? በራሱ ሰፈር የሚያሸንፍ ቀመር ሰፈር ሲለውጥ መሸነፉ የተለመደ ነው። በ2017 ድባቴን በአንጎል ግንኙነቶች መሠረት በአራት ንዑስ ዓይነቶች የከፈለና በመግነጢሳዊ ማነቃቂያ ሕክምና ማን እንደሚሻለው የሚጠቁም ጥናት ወጥቶ ብዙ አስወርቶ ነበር፤ በ2019 ሌላ ቡድን ያንኑ መንገድ ተከትሎ በራሱ ሕመምተኞች ላይ ሲሞክር አራቱ ዓይነቶች በአስተማማኝ ሁኔታ አልተገኙለትም። በ2024 ደግሞ ከስታንፎርድ ስድስት ዓይነት የሚል አዲስ አከፋፈል መጥቷል። እኔ በግሌ ይህኛውን በጉጉት ከሚከታተሉት ወገን ነኝ፤ ሆኖም እዚያ ላይ ተመሥርቼ ዛሬ ማዘዣ አልጽፍም።

የቡድን ልዩነትንና የግለሰብን ምርመራ አለማምታታትም ያስፈልጋል። በድባቴ የተያዙ ሰዎች ሂፖካምፐስ፣ ማለትም ከማስታወስ ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል፣ በአማካይ ከጤነኞቹ ትንሽ ማነሱ በብዙ ማዕከላት ተረጋግጧል። ነገር ግን በ2022 በ1,809 ሰዎች ላይ የታተመ የጀርመን ጥናት በርካታ የአንጎል ምስል ዓይነቶችን እያንዳንዳቸውን ወስዶ ሕመምተኛውን ከጤነኛው ለመለየት ሲሞክር፣ ትክክል የሆነው ከ54 እስከ 56 በመቶ ብቻ ነበር። ሳንቲም ወደ ላይ ቢወረውሩ 50 በመቶ ያገኛሉ። ታሞ የተቀመጠውን ሰው ከጤነኛው መለየት ያቃተው ልኬት የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማው ይነግረናል ብሎ መተማመን ይከብዳል።

የምስል ትንተናው ራሱ በተንታኙ ምርጫ እንደሚለዋወጥም አይዘንጉ። በ2020 የአንጎልን ሥራ ከሚከታተለው ከኤፍኤምአርአይ የተገኘ አንድ መረጃ ለ70 የምርምር ቡድኖች ተሰጥቶ ተመሳሳይ ዘጠኝ ጥያቄዎች ሲቀርቡላቸው፣ በበርካታዎቹ ጥያቄዎች ላይ ያልተስማሙ መልሶች መጡ። ከዚያም ቀደም ብሎ የሞተ ሳልሞን ዓሣ በኤፍኤምአርአይ ማሽን ውስጥ አስገብተው የሰዎች ፎቶ «ያሳዩት» ተመራማሪዎች፣ በስታትስቲክስ ላይ ተገቢው ጥንቃቄ ካልተደረገ የዓሣው አንጎል «ሲሠራ» እንደሚታይ አሳይተው ዓለምን አስቀዋል። ነገሩ የሚያስቅ ቢሆንም ቁም ነገሩ ግን ቀለም የተቀባ ምስል በራሱ ማስረጃ እንዳልሆነ ማሳየቱ ነው።

ምስሉን ሲያዝዙና ሲያነቡ

ወንድምየው በፖስታ ያመጣው ፊልም የአንጎልን ቅርጽ የሚያሳየው የተለመደው ኤምአርአይ ነው። ከላይ በጥናቶቹ የተነገረው ግን ወይ የደም ፍሰት ለውጥን የሚከታተለው ኤፍኤምአርአይ፣ ወይ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሣው ፔት ስካን፣ ወይ የኤሌክትሪክ ሞገድን የሚመዘግበው ኢኢጂ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። የአሜሪካ የሳይካትሪ ማኅበር የባለሙያዎች ቡድን በ2018 ባሳተመው ግምገማ የአንጎል ምስል ለአእምሮ ሕመሞች ምርመራም ሆነ ለሕክምና ምርጫ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ገና እንዳልበቃ አስታውቋል፤ እስካሁንም ይህን የሚሽር ነገር አልመጣም።

ይህ ማለት የተለመደው ኤምአርአይ በድባቴ ሕመምተኛ ላይ መታዘዝ የለበትም ማለት አይደለም። ድባቴው በሽምግልና ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከሠት፣ ከእጅ ወይም ከእግር መስነፍ፣ ከሚጥል ሕመም፣ ከማያቋርጥ ከባድ ራስ ምታት ወይም ከጭንቅላት አደጋ ጋር ሲያያዝ፣ ሕመምተኛው ካንሰር ወይም ኤችአይቪ ሲኖርበት፣ ባህርዩ ወይም የማስታወስ ችሎታው በድንገት ሲለወጥ ምስሉ ያስፈልጋል። በማዘዣው ወረቀት ላይ የሚጻፈውም ይህ ምክንያት ይሁን፤ «ለመድኃኒት ምርጫ» ተብሎ አይጻፍ፤ ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት ለዚያ የሚሰጠው መልስ የለምና።

ውጤቱን ለቤተሰብ ሲናገሩ አንዲት ቃል ጥንቃቄ ትፈልጋለች፤ እርሷም «ኖርማል» የምትለው ናት። ሐኪሙ «አንጎሉ ኖርማል ነው» ሲል ዕጢም ሆነ የደም መፍሰስ የለም ማለቱ ነው። ቤተሰቡ ግን «ምንም የለበትም፤ አውቆ ነው» ብሎ ሊሰማው ይችላል፤ ሕመምተኛው ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀው እረፍት ሳይሆን ተግሣጽ ይሆናል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን አያሳጥሩት፦ «በምስሉ ላይ ሌላ በሽታ አልታየም፤ ድባቴ በዚህ ፊልም ላይ አይታይም፤ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው፤ ሕክምናም አለው» ብለው ለሕመምተኛውም ለአምጪውም አብረው እንዲሰሙ ይንገሯቸው።

በምርምር ሥራ ላይ ሆነው ኢኢጂ ለትንበያ የሚመዘግቡ ከሆነ ደግሞ የዝግጅቱ ጥራት ውጤቱን ይወስናል። ኢኢጂ በራስ ቅል ቆዳ ላይ የሚያርፉ ትናንሽ ብረቶችን ይፈልጋል፤ ቆዳው ላይ ካላረፉ የሚመዘግቡት ሁከትን ነው። አጥብቃ ሹሩባ የተሠራች ወይም ራሷን ቅቤ የተቀባች ሴት በቀጠሮዋ ቀን ስትመጣ ባለሙያው ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል፤ ወይ ቀጠሮውን መቀየር፣ ወይ የማይነበብ ሞገድ መመዝገብ። መፍትሔው ቀጠሮ ሲሰጥ አስቀድሞ መናገር ነው፦ ሹሩባው ተፈትቶ ወይም መሥመሩ ሰፋ ብሎ ተሠርቶ፣ ጸጉሩ በሻምፑ ታጥቦና ደርቆ፣ ቅቤም ቅባትም ሳይነካው ይምጡ ማለት ያስፈልጋል። ይህን አለመናገር የሚያስከትለው መዘዝ ከአንድ ሰው ቀጠሮ ያለፈ ነው፤ ጸጉራቸው ለመሣሪያው የማይመች ሰዎች ከጥናቱ እየወጡ በሄዱ ቁጥር የሚሠራው ቀመር እነርሱን የማያውቅ ይሆናል።

ለኤፍኤምአርአይም ቢሆን ቡና በአንጎል የደም ፍሰት ላይ ለውጥ ስለሚያመጣ ሰውየው ከምርመራው በፊት ስንት ስኒ እንደጠጣ፣ ጫት ቅሞ እንደሆነ፣ ሌሊቱን ተኝቶ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ተጠይቆ ይመዝገብ። ዲያዜፓምና መሰሎቹ የኢኢጂ ሞገድን ስለሚለውጡ ሳይመዘገቡ አይታለፉ። ወደ ማግኔቱ ከመግባቱ በፊት አምባርና ቀለበት ብቻ ሳይሆን ከማተቡ ላይ የተንጠለጠለው የብረት መስቀልም መውለቅ አለበት። ማተቡን መፍታት የሚከብደው ሰው እንዳለ አውቆ፣ ምክንያቱን በአክብሮት አስረድቶ፣ መስቀሉን ለዘመዱ እንዲያስረክብ ጊዜ መስጠት የባለሙያው ድርሻ ነው።

ሲአርፒ፦ ርካሹ የደም ምርመራ

ከደም ጠቋሚዎች መካከል ለዕለት ሥራ ቀረብ የሚለው፣ ጉበት የሚያመነጨውና በሰውነት ውስጥ ብግነት ሲኖር የሚጨምረው ሲአርፒ ነው። በ2014 በታተመው የአውሮፓው ጄንዴፕ ጥናት ትንታኔ፣ ሲአርፒያቸው በሊትር ከ1 ሚሊ ግራም በታች የሆነ ሕመምተኞች በኢስሲታሎፕራም፣ ከዚያ በላይ የሆነባቸው ደግሞ በኖርትሪፕቲሊን የተሻለ ለውጥ አሳዩ። በ2017 የታተመ የአሜሪካ ትንታኔ በዚያው የ1 ሚሊ ግራም መሥመር ዙሪያ ተመሳሳይ ነገር አገኘ፤ ዝቅ ያለባቸው በኢስሲታሎፕራም ብቻ፣ ከፍ ያለባቸው ቡፕሮፒዮን ሲደረብላቸው ይበልጥ ተጠቀሙ። ከዚያ ቀደም በ2013 በኤሞሪ ብግነትን የሚያጠፋውን ኢንፍሊክሲማብን የድባቴ መድኃኒት ባልረዳቸው 60 ሕመምተኞች ላይ የሞከረው ጥናት፣ መድኃኒቱ በጠቅላላው ከፕላሲቦ እንዳልተሻለ፣ ሲአርፒያቸው ከ5 ሚሊ ግራም በላይ በሆነባቸው ላይ ግን የተስፋ ምልክት እንደታየ አስነብቧል።

ሲአርፒ የምርጫ ጠቋሚ ለመሆን የሚቀርብ ነገር ስላለው ችላ የሚባል አይደለም። ይሁን እንጂ ከማዘዝዎ በፊት ላቦራቶሪው በምን ዓይነት መንገድ እንደሚለካው ይጠይቁ። በብዙ ላቦራቶሪ የሚሠራው የላቴክስ ምርመራ ሲሆን፣ አንድ ጠብታ ሴረም ካርድ ላይ ከነጭ ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ጥራጥሬ ከሠራ «ፖዘቲቭ»፣ ካልሠራ «ኔጋቲቭ» ተብሎ ይጻፋል። ይህ ዓይነቱ ምርመራ ጥራጥሬ መሥራት የሚጀምረው በሊትር 6 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ስለዚህ «ኔጋቲቭ» የሚለው ወረቀት 0.4 ይሁን 4 ሊለይልዎ አይችልም፤ ጥናቶቹ የተነጋገሩበት የ1 ሚሊ ግራም መሥመር ከዚህ ካርድ እይታ በታች ነው። የሚያስፈልገው ከፍተኛ የልኬት ጥራት ያለውና ውጤቱን በቁጥር የሚሰጠው ሲአርፒ ነው።

ቁጥሩ ሲመጣም ጉንፋን፣ የጥርስ መግል፣ ታይፎይድ፣ ወባ፣ ቁስል ወይም በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና አለመኖሩን ያረጋግጡ። ከ10 በላይ ከሆነ መጀመሪያ የሚታሰበው ኢንፌክሽን ነው፤ ታክሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይደገም። ውፍረት፣ ማጨስና የእርግዝና መከላከያ እንክብል ሲአርፒን ከፍ እንደሚያደርጉም ይታወስ። ይህ ሁሉ ተጣርቶ በሁለት እኩል ተገቢ በሆኑ መድኃኒቶች መካከል ቢያመነቱ ሲአርፒ ሚዛኑን ትንሽ ሊያዘነብል ይችላል፤ እየሠራ ያለን መድኃኒት ለማስቆም ግን አቅም የለውም።

ከውጭ የመጣ የዘረመል ሪፖርት

ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ ወገን ቦርሳው ውስጥ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ዓምድ ያለው የዘረመል ሪፖርት ይዞ ሊመጣ ይችላል። መድኃኒቶቹ በሦስት ቀለም ተደርድረዋል፤ እርሱም «ቀዩን እንዳትሰጠኝ» ይላል። ይህን ወረቀት በትክክል ማንበብ ለእኛ ከማንም በላይ ይጠቅመናል፤ ምክንያቱ የሚከተለው ነው።

ሪፖርቱ በዋናነት የሚያየው ጉበት ውስጥ መድኃኒትን የሚሰባብሩትን ሲዋይፒ 2ዲ6 እና ሲዋይፒ 2ሲ19 የተባሉ ኢንዛይሞችን የሚሠሩ ዘረመሎችን ነው። 2ዲ6 አሚትሪፕቲሊንን፣ ኖርትሪፕቲሊንንና ፍሎክሰቲንን፣ 2ሲ19 ደግሞ ሲታሎፕራምን፣ ኢስሲታሎፕራምን፣ ሰርትራሊንንና አሚትሪፕቲሊንን ይነካል። እ.ኤ.አ. በ1996 ኢሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ122 ኢትዮጵያውያን ላይ ባሳተሙት ጥናት፣ 29 በመቶ የሚሆኑት የ2ዲ6 ዘረመል ተደራራቢ ቅጂዎች እንዳሏቸው አሳይተዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ከ2 በመቶ አይበልጥም። እንዲህ ያለ ሰው መድኃኒቱን በፍጥነት ስለሚሰባብረው በተለመደው መጠን በደሙ የሚገኘው መጠን ከሚፈለገው በታች ሊሆን ይችላል። ለፈጣኑ የ2ዲ6 ባለቤት ዓለም አቀፉ የፋርማኮጄኔቲክስ መመሪያ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ መድኃኒቶችን እንዲተዉ፣ ካልተቻለ በደም ውስጥ ያለውን መጠን እየለኩ እንዲሰጡ ይመክራል።

ነገር ግን ዘረመሉ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። እነዚያው ተመራማሪዎች በ2002 በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በስዊድን ከሚኖሩት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ተመሳሳይ ዘረመል እያላቸው እዚህ ያሉት የ2ዲ6 ኢንዛይማቸው ዝግ ብሎ ይሠራ ነበር፤ አካባቢው ወይም ምግቡ እጁን አስገብቷል ማለት ነው። በ2015 የታተመ ጥናት ደግሞ ጫት ራሱ ይህን ኢንዛይም እንደሚያዳክም በሰዎች ላይ አሳይቷል። ፍሎክሰቲንም ያንኑ ኢንዛይም በብርቱ ያፍናል፤ በዘረመሉ «እጅግ ፈጣን» የተባለ ሰው ፍሎክሰቲን ሲወስድ በተግባር ዝግተኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፍሎክሰቲን በሚወስድ ሰው ላይ አሚትሪፕቲሊን መደረብ የአሚትሪፕቲሊንን መጠን አንሮ ልብን አደጋ ላይ ሊጥል እንደሚችል፣ ሪፖርቱ ምንም ዓይነት ቀለም ቢያሳይ አይርሱ። ጫት የሚቅም ሰው መቃሙን በድንገት ሲያቆም ወይም ሲጀምርም በደሙ ውስጥ ያለው የመድኃኒቱ መጠን ሊለዋወጥ እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

ቀለሞቹ ምን ያህል ይረዳሉ? በ2022 የታተመው ፕራይም ኬር ጥናት በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች የሚታከሙ 1,944 ሕመምተኞችን በሁለት ከፍሎ፣ ለገሚሶቹ ሐኪሞች የዘረመል ውጤቱን ወዲያው ሰጠ፣ ለቀሩት አዘገየ። ውጤቱን ያገኙት ሐኪሞች ከኢንዛይሙ ጋር የሚጋጭ መድኃኒት የማዘዝ ልማዳቸው ቀነሰ፤ ከምልክት የመላቀቁ ልዩነት ግን አነስተኛ ነበር፣ በ24ኛው ሳምንትም ጎልቶ አልታየም። ይህ የሚያስገርም አይደለም፤ ሪፖርቱ የሚናገረው መድኃኒቱ ደም ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ እንጂ አንጎል እንዴት እንደሚቀበለው አይደለም። በተግባር እንዲህ ይጠቀሙበት፦ በትንሽ መጠን ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት ያየ፣ ወይም በሙሉ መጠን በትክክል እየወሰደ ምንም ያልተሰማው ሰው ሲገጥምዎ ሪፖርቱ ምክንያቱን ሊያስረዳ ይችላል። በአረንጓዴው ዓምድ መሆኑ ግን «ይሠራል» ማለት አይደለም፤ በቀይ ዓምድ ሆኖ ሳለ ሰውየውን ለሦስት ዓመት በጤና ያቆየውን መድኃኒትም አይንኩበት።

በሁለተኛው ሳምንት የሚገኘው ትንበያ

እስካሁን ካየናቸው ሁሉ ይልቅ በብዙ ሰው የተፈተነው ትንበያ ማሽን አይፈልግም። በ2009 የታተመ፣ 41 ጥናቶችንና 6,562 ሕመምተኞችን ያጣመረ ትንታኔ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ የምልክት ነጥባቸው በ20 በመቶ እንኳ ያልቀነሰላቸው ሰዎች በዚያው ሕክምና በኋላ የሚሻላቸው በጣም ጥቂት መሆናቸውን አሳይቷል። የተለካው ሐሚልተን በተባለው የድባቴ መለኪያ ቢሆንም በጤና ጣቢያ ደረጃ ወደ አማርኛ የተተረጎመውን ባለ ዘጠኝ ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ፣ ፒኤችኪው-9ን፣ መጠቀም ይቻላል፤ መጠይቁ ራሱ ስላለፉት ሁለት ሳምንታት ስለሚጠይቅ ለዚህ ሥራ ይመቻል።

አሠራሩ ይህ ነው። መድኃኒቱ በሚጀመርበት ቀን ዘጠኙን ጥያቄዎች ይጠይቁና ድምሩን በካርዱ ላይ ይጻፉ። ማንበብ ለማይችል ሰው ሲያነቡለት ጥያቄውን በሚያውቀው ቋንቋ ያስረዱት፤ «ሆድ ይብሰኛል»፣ «ጭንቅላቴን ያቃጥለኛል»፣ «ሰው አስጠላኝ» የሚሉት አነጋገሮች ውስጥ ምልክቶቹ አሉ። ዘጠነኛው፣ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት የሚጠይቀው፣ በምንም ምክንያት አይዘለል፤ መልሱ «አዎ» ከሆነ ትንበያው ይቆይና የደኅንነት ሥራው ይቅደም። መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት ከልክ ያለፈ ደስታና እንቅልፍ የማይጠይቅ ብርታት ያየበት ጊዜ እንዳለ መጠየቅም ያስፈልጋል፤ ባይፖላር ከሆነ መንገዱ ሌላ ነውና።

በሁለተኛው ሳምንት ድጋሚ ይለኩ። ድምሩ 18 የነበረ ሰው 14 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ በመንገዱ ላይ ነው፤ መድኃኒቱን በዚያው ያስቀጥሉት። 15 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ወዲያው መድኃኒት አይቀይሩ። መጀመሪያ ክኒኑን ያስቆጥሩት፤ ከ14 ክኒን ዘጠኙ ብልቃጡ ውስጥ ካለ ያልሠራው መድኃኒቱ አይደለም። ጸበል ገብቶ መድኃኒቱን አቋርጦ እንደሆነ ሳይነቅፉ ይጠይቁት፤ ሁለቱን አብሮ ማስኬድ እንደሚቻል ይንገሩት። ቀጥሎ መጠኑን ይመልከቱ፤ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊ ግራም ማታ ማታ ለእንቅልፍ ይረዳ ይሆናል እንጂ ለድባቴ ሕክምና በቂ መጠን አይደለም። ከዚያም የታይሮይድ፣ የደም ማነስ፣ የመጠጥ ነገር ይታይ። እነዚህ ሁሉ ተስተካክለው በአራተኛው ሳምንት አሁንም ለውጥ ከሌለ መጠኑን ወደ ከፍተኛው ማድረስ ወይም መድኃኒቱን መቀየር ጊዜው ነው።

ወንድምየው ፊልሙን ወደ ፖስታው ሲመልስ ባዶ እጁን እንዳይወጣ፣ በማዘዣው ጀርባ ላይ የዛሬውን ድምርና የሁለተኛውን ሳምንት የቀጠሮ ቀን በጉልህ ይጻፉለት፤ ክኒኑን ከነብልቃጡ ይዘው እንዲመጡም ይንገሩት።